እትየ እናኑ ዌብሳይት ያስከፈቱ ጊዜ

እትየ እናኑ መሞታቸውን የሰማሁት የጆንያ አፍ እየሰፋሁ ነው። ልጃቸው ሰላም ከአዲስ አበባ ደወለች። "አዛናው፣ እማዬ ትናንት አረፈች" አለችኝ። "እግዜር ያጥናሽ" አልኳት። ስልኩን ዘጋሁና የጀመርኩትን ጆንያ ጨረስኩት፤ ሩዙ እንዳይፈስ።

ወረታ ላይ ሰው ሲሞት ምክንያቱን የሚያውቅ አይጠፋም። አንዱ ደም ብዛት ነው ይላል፣ ሌላው ስኳር። የአዲስ አበባ አየር አልተስማማቸውም ያለም አለ። ጠላ ቤት ተቀምጠው "አዛናው ነው ያስበላቸው" ያሉ እንዳሉም ሰምቻለሁ። ይበሉ። ዛሬ እኔን ሲያሙ አፋቸው ይፈታል፤ ሰው ከደጁ ሲወሰድ ግን ያ አፍ የት ገብቶ እንደነበር አውቃለሁ። እኔ የምለው፣ እኒያን ሴት የገደላቸው ፍርሃት ነው። ሲገባባቸው አይቻለሁ። በየት በር እንደገባም አውቃለሁ።

እትየ እናኑ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ነበሩ። የጎንደሩና የደብረ ታቦሩ መንገድ ከሚገናኙበት ጀምሮ መፈልፈያው ግራና ቀኝ ተደርድሮ ቀኑን ሙሉ ያገሳል፤ አቧራው የጎረምሳውን ቅንድብ ሳይቀር ያሸብታል። የእሳቸው ወደ መጨረሻው ያለው ነው። የተከሉት ባላቸው ናቸው። ባላቸው ሲሞቱ ዘመዱ ሁሉ "ሽጪውና ልጅሽ ዘንድ ግቢ" ሲላቸው፣ የባላቸውን ኮት ከምስማሩ አውርደው ደረቡና የወፍጮው በር ላይ ወንበር አውጥተው ተቀመጡ። በቃ፣ መልሳቸው ይኸው ነበር። ኮቱ ጉልበታቸው ድረስ ይወርዳል። አጭር፣ ቀጭን፣ ጠየም ያሉ ሴት ናቸው። ሞተሩ ሲያገሳ እንኳ አይጮሁም፤ ሰሚው ነው ጎንበስ የሚል።

እኔ ሸካሚያቸው ነበርኩ። ፊደል የቆጠርኩት ጎልምሼ ነው፣ እሱም በእሳቸው ግፊት። "ማንበብ ለማይችል ሰው ሌላው የፈለገውን ያነብለታል" አሉኝና ጎልማሶች ወደሚማሩበት ክፍል ላኩኝ። የሕፃናት አግዳሚ ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ሀ ሁ አልኩ። ለነፍሴ ብለው ያደረጉት እንዳይመስላችሁ። በየጆንያው ላይ የተጻፈውን የሚለይ ሰው ፈልገው ነው። እሱንም አልደበቁኝም። ደግ ነበሩ ብዬ ልጽፍ አልተነሳሁም። ደግ አልነበሩም። ግን አይዋሹም ነበር፤ በዚህ ዘመን ደግ ከሆነው ይልቅ የማይዋሸው ነው የጠፋ።

አንድ ልማድ ነበራቸው። ከማሽኑ ከሚፈሰው ሩዝ ስር እጃቸውን አስገብተው ጭብጥ ያደርጉና መዳፋቸውን ይዘረጋሉ። ድፍኑን ወዲህ፣ ስባሪውን ወዲያ ያደርጋሉ፤ ገለባውን እፍ ይሉታል። ሰውንም የሚመዝኑት እንዲሁ ነው። አንዱ መጥቶ ሲቀባጥር ዝም ብለው ይሰሙትና "እሺ፣ አሁን ገለባውን እፍ በልልኝ" ይሉታል። ያን ጊዜ ሰውየው የመጣበትን ነገር በአንድ ቃል ይጨርሳል። እኔንማ ስንቴ ብለውኛል።

ዌብሳይቱን ያመጣው የመንገዱ ነገር ነው። መንገድ ሲዘጋ ሲከፈት፣ የሩዙ ጌታ ደላላው ሆነ። መኪና ይዞ የደፈረው ደላላ የፈለገውን ዋጋ ይጠራል፣ ሌላ ገዢ የለምና እንሰጠዋለን። አዲስ አበባ ሲደርስ የሩዙን ስም ለውጦ ይሸጠዋል። ሰላም እዚያ ሆና ይህን እያየች ትቃጠላለች። "እማዬ፣ ሰው አሁን በስልኩ ነው የሚገዛ። ዌብሳይት ይኑርሽ፣ ሆቴሉም ሱቁም ከአንቺ ከራስሽ ይዘዝ" እያለች ወተወተቻቸው። ወፍጮው በወር ከሚሠራበት የሚቆምበት ቀን ሲበዛ ጊዜ እሺ አሉ። ኔትወርክ በተመለሰ ሰሞን ዮናስ የሚባል ልጅ ከባሕር ዳር መጣ።

ዮናስ ላፕቶፑን የሚያስቀምጥበት ሲያጣ እትየ እናኑ ኮታቸውን አውልቀው ጆንያ ላይ አነጠፉለት። በጀት ጽፎ መጥቶ ነበር። እኛ ሸካሚዎቹ ዙሪያውን ቆመን ሰማን።

"መጀመሪያ የዌብሳይቱ ስም መግዣ፣ ማዘር" አለ።

"ማዘር አትበለኝ። ስም ደሞ ይሸጣል?"

"ይሸጣል። ቀድሞ የገዛ ይወስደዋል።"

"እንግዲያው ድፍን ነው። ቀጥል።"

"ዌብሳይቱ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር ኪራይ።"

"የት ነው ያለ ኮምፒውተሩ?"

"ውጭ አገር።"

"እኔ ወረታ ተቀምጬ ሩዜ ውጭ አገር ቤት ይከራያል?"

"ሩዙ አይደለም እትየ፣ ወሬው ነው።"

"ኧረ ጉድ! ሰው ቤት አጥቶ ወሬ ቤት ሲከራይ!" ሁላችንም ሳቅን። እሳቸው አልሳቁም። "ያለሱ አይሆንም?"

"አይሆንም።"

"እሺ፣ ድፍን። ቀጥል።"

"ወፍጮውንና ሜዳውን ከላይ ሆኖ ፎቶ የሚያነሳ ድሮን።"

ሳቁ ቆመ። በዚህ አገር ያ ቃል እንደዋዛ አይነሳም። ከመካከላችን አንዱ ሳያስበው አንገቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ። ዮናስም የተናገረው ገብቶት ፊቱ ተለዋወጠ።

"ገለባ" አሉ እትየ እናኑ ቀስ ብለው። "እፍ በለው።"

ሰረዘው። ከዚያ "ደህንነት" ብሎ አነበበ።

"የማን?"

"የዌብሳይቱ ነዋ። ሌባ ሰብሮ እንዳይገባበት።"

"የኔስ?"

ዮናስ ወረቀቱን አገላበጠው። ወጣት ነው፣ አይፈረድበትም። "የእርስዎ በጀቱ ውስጥ የለም" አለ።

ነገሩ የገባን ያን ጊዜ ነው። ዌብሳይቱ የባለቤቱን ስም ይፈልጋል፣ ፎቶ ይፈልጋል፣ ስልክ ይፈልጋል፣ ወፍጮው ያለበትን ቦታ ይፈልጋል። "ፊት የሌለው ዌብሳይት የአጭበርባሪ ነው የሚመስል። ማን ገንዘብ ይልካል?" ይላል ዮናስ። እውነቱን ነው። ግን ያን ሰሞን ወረታ ላይ ያለው ሰው ሁሉ ሀብቱን ይደብቅ ነበር። ሴቱ የአንገቱን ወርቅ አውልቆ ነበር። አዲስ ጎማ የገዛ ጎማውን ጭቃ ይቀባ ነበር። የቤቱን ቆርቆሮ ሊቀይር የነበረው ትቶታል። አንድ ነጋዴ አጋቾች ከሱቁ ወስደውት፣ ቤተሰቡ ያለ የሌለውን ሸጦ ከፍሎ አስለቀቀው፤ ሰውየው ተመለሰ፣ ነገር ግን ከቤቱ አልወጣም። ሰው ሲገባ አልጋ ስር ነው የሚሄድ አሉ። የማናውቀው ቁጥር ሲደውልልን ስልኩን እንደ እባብ ነበር የምናየው። በዚህ መካከል ተነስቶ "አለሁ፣ ይህ ሁሉ አለኝ፣ ቤቴም እዚህ ነው" ብሎ ላገር መናገር ምን ማለት ነው?

እትየ እናኑ ዮናስን አሳደሩት። በማግሥቱ እኔን ጠሩኝ።

እዚህ ላይ የፎገራን ልማድ ልናገር። ሜዳው ላይ ላም የበዛለት ሰው ላሞቹን ሁሉ አንድ በረት አያሳድርም። ዓይን ይፈራል፣ ሌባ ይፈራል። ጥሩ ጥሩዎቹን ለድሃ ጎረቤት ይሰጥና እዚያ ያሳድራቸዋል። ያሳደረው ወተቱን ይጠጣል፣ ጥጃው የባለቤቱ ነው። መንገደኛ "የማን ላም ናት?" ሲል ድሃው "የኔ ናት" ይላል። በአንድ ላም ማን ይመቀኘዋል?

"አዛናው" አሉኝ፣ "ዌብሳይቱን አንተ በረት ላሳድረው።"

"እንዴት ነው እሱ?"

"ስሙ ያንተ፣ ፎቶው ያንተ፣ ስልኩ ያንተ ይሁን። በዚያ በኩል ከሚመጣው ትእዛዝ ሁሉ ድርሻ አለህ። ወተቱን ትጠጣለህ፣ ጥጃው የኔ።"

"ቢመጡብኝስ?"

"ያንተን ደጅ ማን ያንኳኳል? ምን አለህ አንተ?"

ቀልድ አልነበረም። እኔም አልተቀየምኩም። ምንም አልነበረኝም። ኪራይ ቤት፣ ሚስት፣ ተማሪ ልጅ። ወተቱም አማረኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ዮናስ ሲሰማ ደነገጠ። "እትየ፣ ዌብሳይት ላም አይደለም። አገር ነው የሚያየው።"

"ላምንስ አገር አያያትም? ሜዳ ላይ አይደል የምትውል?"

"እሱስ ነው፣ ግን..."

"ግኑን እፍ በለው።"

በጀቱ ላይ ለእኔ ድርሻ አንድ መስመር አስጨመሩ። "የበረት ብለህ ጻፍ" አሉት። ዮናስ እስክሪብቶውን ይዞ ተጨነቀና "ልዩ ልዩ ወጪ" ብሎ ጻፈው።

ፎቶ የተነሳሁ ዕለት የባላቸውን ኮት አለበሱኝ። ልኬ ሆነ። ወፍጮው ፊት ገትረውኝ ዮናስ "ፈገግ በል" ሲለኝ ጓደኞቼ አላስቻሉኝም።

"አቶ አዛናው! ደሞዝ ይጨመርልን እንጂ!"

"ጌታዬ፣ ኮቱስ ኮት ነው፣ ከታች ያለውን ኮንጎ ጫማ ምን እናድርገው?"

"ከደረት በላይ ነው የሚነሳ፣ ዝም በል አንተ!"

እትየ እናኑ ወንበራቸው ላይ ሆነው ያዩኛል። ባላቸውን ያዩ ይሁን እኔን አላውቅም።

ገጹ ሲከፈት ራሴ አነበብኩት። "ባለቤት፦ አቶ አዛናው" ይላል። ጣቴን መስታወቱ ላይ ሳስኬድ ጽሑፉ ከስሬ ይሸሻል፣ ዮናስ ይመልስልኛል፣ እንደገና አነባለሁ። ውሸት መሆኑን እያወቅሁ ደረቴ ተነፋ። ስልክ መደወል ጀመረ። "አቶ አዛናው ነዎት?" ይላል የአዲስ አበባ ሰው። "ነኝ" እላለሁ፤ እትየ እናኑ በአጠገቤ ሆነው በሹክሹክታ ዋጋውን ይነግሩኛል፣ እኔ ጮክ ብዬ እደግመዋለሁ። እንደ ዲያቆንና እንደ ቄስ ሆንን። ሩዙ ያለ ደላላ ወጣ። ወፍጮው የሚያርፍበት ቀን ጠፋ። እኔም ለልጄ ሰማያዊ ቦርሳ ገዛሁላት።

አንድ የገበያ ቀን፣ ቀትር ላይ፣ ስልኬ ጮኸ። ቁጥሩን አላውቀውም፣ ግን የማላውቀውን ማንሳት ለምጄ ነበር።

"አቶ አዛናው" አለ ሰውየው። ድምፁ ጨዋ ነው። "ኮቱ አምሮብዎታል።"

"እግዜር ይስጥልኝ። ምን ያህል ኩንታል ይፈልጋሉ?"

ሳቀ። "ምነው ዛሬ ቆሙ? በሩ ላይ የተቀመጠችው አጭር ሴትዮ ናት፤ ሠራተኛዎ ተቀምጣ ጌታው ይቆማል?"

ዘወር ብዬ አየሁ። ገበያ ነው፤ ባጃጅ፣ አህያ፣ ሰው በሰው። ሁሉም ሰው ስልክ የያዘ መሰለኝ። ሰውየው ቀጠለ። የሚፈልጉትን ገንዘብ ነገረኝ። እኔ በሕይወቴ ስሙን እንጂ መልኩን የማላውቀው ገንዘብ ነው። እስከ ቅዳሜ አለ። "ልጅህ ደሞ ጎበዝ ናት አሉ። ሰማያዊ ቦርሳ ነው አይደል የምትይዝ?" አለና ዘጋው።

እንዴት እንደሄድኩ አላውቅም፣ እትየ እናኑ እግር ስር ቁጢጥ ብዬ ነው ራሴን ያገኘሁት። ወንድማቸው ቄስ ምስጋናው ከጎናቸው ነበሩ፤ ከደብራቸው ለገበያ መጥተው ነው። ሁሉንም ነገርኳቸው። ልጄን እንዲያመጣት ከሸካሚዎቹ አንዱን ወደ ትምህርት ቤት ሰደድን።

ቄስ ምስጋናው ማተባቸውን ይዘው አሰቡ። "ዌብሳይቱን ዛሬውኑ አዘጊው" አሏቸው። "አዛናውን ከነቤተሰቡ ወደ አንበሳሜ ስደጅው፣ ዘመድ አለን እዚያ። ይበርዳል።"

"ዌብሳይቱ ቢዘጋ ጌታው ተደበቀ አይሉም አባ? ካልበረደስ?"

"ምስኪን ነው። ቢይዙትም ምንም እንደሌለው አይተው ይለቁታል።"

"ምንም የሌለውን የሚለቁት ይመስልዎታል?"

እኔ ሁለቱንም በየተራ አያለሁ። የልጄ ነፍስ እዚያ ወንበርና ወንበር መካከል ነበረች።

እትየ እናኑ እጃቸውን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከተው ቆዩ። ከዚያ "አባ፣ በሰው በረት ያደረች ላም ብትሰረቅ ዕዳው የማን ነው?" አሉ።

"የባለቤቱ ነዋ።"

"አሳዳሪው አይከፍልም?"

"ተደርጎ አያውቅም።"

"ስልኩን አምጣው" አሉኝ።

ቁጥሩን መልሼ ደወልኩና ሰጠኋቸው፣ በሁለት እጃቸው ያዙት። "ስማ" አሉት ሰውየውን። "ኮት የለበሰው ሸካሚዬ ነው። ኮቱም የኔ ነው፣ ወፍጮውም የኔ ነው። አጭሯ ሴትዮ እኔ ነኝ። የሱን ልጅ ብትነኩ አንድ ጆንያ ገለባ አታገኙም።"

በስልኩ ውስጥ ሳቅ ተሰማ። "ሴትዮ፣ ስልኩን ለጌታሽ መልሺለት" አለ። "ማን እንደሆነ አይተነዋል። አገር አይቶታል።"

ዘጋው።

ስልኩን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡት። እኒያ የማይዋሹ ሴት እውነቱን ተናግረው የሚያምናቸው አጡ። የእሳቸው ቃል አንድ ወገን፣ የእኔ ፎቶ አንድ ወገን ሆነና ፎቶው በለጠ።

"ዮናስን ጥራልኝ" አሉ። "ፊቴን ያስገባ።"

"እኅቴ!" አሉ ቄሱ። "አብደሻል? ራስሽን በገዛ እጅሽ?"

"የት ልግባ ታዲያ? ሌላ በረት የለኝም።"

ዮናስ በስልክ ለመናቸው። "እትየ፣ በኋላ ላጠፋው እችላለሁ፣ ግን አንዴ የወጣ ፎቶ ያየው ሰው እጅ ይቀራል።"

"አውቃለሁ። አሁን አድርገው።"

ፎቶውን ያነሳሁት እኔ ነኝ፣ በራሴ ስልክ። ኮቱን አወለቁ፤ ነጠላቸውን አስተካከሉ። ከንፈራቸው ስለደረቀ ውኃ ጠየቁ። ብርጭቆው ጥርሳቸው ላይ ሲንኳኳ ሰማሁት። ሦስቴ አነሳኋቸው፣ በሦስቱም እጃቸው የወንበሩን ጠርዝ ጨብጧል። ዮናስ አስገባው። "ባለቤት፦ ወይዘሮ እናኑ" የሚለውን ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። "ድገመው" አሉኝ። ደገምኩት።

መልሰው ደወሉ። "አሁን እዩት" አሉ።

የገበያው ጫጫታ በስልኩም ውስጥ ይሰማ ነበር፤ ያው የኛው ገበያ። በመጨረሻ ሰውየው "አየን" አለ። ሌላ ቃል አልጨመረም።

እኔን ዳግም አልደወሉልኝም። ቅዳሜም መጣ፣ ሄደ። ልጄ ትምህርት ቤት ተመለሰች።

አላመሰገንኳቸውም። ያሰሩኝን ገመድ ነው የፈቱት፣ ምን ብዬ ላመስግን? ይህን ስል ሰው ይከፋዋል፤ ይክፋው። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ጌታ አይቻለሁ፤ ያሰረ ሁሉ መጥቶ አይፈታም። ፈትቶም በዚያው ገመድ ራሱ የሚታሰር አላየሁም፣ ከእሳቸው በቀር።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው በጀቱ ላይ ያልተጻፈው ወጪ። ለእሳቸው አልደወሉም። ቢደውሉ ይሻል ነበር። "አየን" ያለ ሰው ምን እንደሚጠብቅ ማን ያውቃል? ወንበራቸውን ከበሩ አንስተው ከማሽኑ ጀርባ አስቀመጡት። ባጃጅ በር ላይ ሲቆም ንግግራቸውን ያቋርጣሉ። ምግብ ቆመው ይበላሉ። የሚያድሩበትን ቤት ለእኔም አይነግሩኝም ነበር። አንድ ቀን ከኋላቸው ሄጄ "እትየ" ብላቸው፣ ጮኹ። ሞተር ሲያገሳ ጮኸው የማያውቁት ሴት ጮኹ፤ ከዚያ አፍረው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ።

ዌብሳይቱ ግን ሠራ። በእኔ ፊት ከመጣው ትእዛዝ በእሳቸው ፊት የመጣው በለጠ። "እኒህ እናት ታማኝ ይመስላሉ" ብሎ አንድ የሆቴል ሰው ነገረኝ። እየተደሰተ ዮናስ ከባሕር ዳር ይደውላል፤ ይህን ያህል ሰው ገጹን አየው፣ ይህን ያህል ሰው አየው ይላል። እትየ እናኑ ያንን ሲሰሙ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ለእሱ ገዢ ነው፤ ለእሳቸው እያንዳንዱ ያ ሰውዬ ነው። ፎቶውን ከገጹ ለማስነሳት ደግሞ አልፈቀዱም። "ከተነሳ ወዳንተ ይመለሳሉ" አሉኝ። እጃቸውን ከሩዙ ስር ማስገባትም ተዉ። ድፍንና ስባሪ የሚለየው እኔ ሆንኩ።

ሰላም አልቅሳ ለምና "ነይልኝ" አለቻቸው። ወፍጮውን ለአንድ ዘመዳቸው አከራዩና ለመሄድ ተነሱ። ሻንጣ አልያዙም። የሚስቴን ያረጀ ቀሚስ ለበሱ፣ የፕላስቲክ ጫማ አደረጉ፣ ሻሻቸውን እስከ ቅንድባቸው አሰሩ። ባሕር ዳር ድረስ ላደርሳቸው አብሬያቸው ሚኒባስ ገባሁ። መስኮቱ ዳር አስቀመጥኳቸውና ተሳፋሪውን በጀርባዬ ከለልኩባቸው።

የጉማራን ድልድይ አልፈን እንደ ሄድን፣ ፊታቸውን የሸፈኑ ሰዎች መኪናውን አስቆሙት። የማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ማንም አልጠየቀም። አንዱ ገባ። በአንድ እጁ ስልክ ይዟል። የእያንዳንዱን ሰው ፊት ያያል፣ ስልኩን ያያል፣ ያልፋል። ስልኩ ላይ ምን እንዳለ አላየሁም። እኛ ጋ ደረሰ።

"ይቺ ማን ናት?"

"እናቴ ናት" አልኩ።

"ምን ሆና ነው እንዲህ የምትንቀጠቀጥ?"

"ታማብኝ ነው፣ ሐኪም ቤት ልወስዳት ነው።"

ሻሻቸውን በጣቱ ወደ ላይ ገፋ አደረገው። ፊታቸውን አየ፣ ስልኩን አየ። እንደገና አየ። ፎቶ ሳነሳቸው ጉንጭ ነበራቸው። አሁን አጥንት ነው። ከፎቶው ሴት የቀረ ምንም አልነበረም። ያን ጊዜ ነው ምን ያህል እንዳለቁ ያወቅሁት።

"እማማ" አላቸው፣ "ልጅሽ ነው?"

በሕይወታቸው ሲዋሹ አልሰማኋቸውም።

"ልጄ ነው" አሉ። "ከሱ ሌላ ሰው የለኝም።"

ሰውየው ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወረደና መኪናውን በእጁ መታ መታ አደረገው። ሄድን።

ብዙ ርቀን ከሄድን በኋላ "እትየ፣ አልፈናል" አልኳቸው በጆሯቸው። ጭንቅላታቸውን ትከሻዬ ላይ ጣሉ። የሚያስፈራው አልፎም፣ ከተማው መታየት ጀምሮም፣ ቀና አላሉም። እኔ ትከሻዬ ላይ ሰው አስደግፌ አላውቅም፤ እንዳልቀሰቅሳቸው ብዬ ባሕር ዳር እስክንደርስ አልተንቀሳቀስኩም። ግን ተኝተው አልነበረም። ልባቸው ሲመታ ክንዴ ላይ ይሰማኝ ነበር።